ለጊታር ስራ ርካሽ ባንድ ሶው ስትመርጡ ከስፋቱ በፊት ከፍታውን እዩ

ጊታር ለመስራት ባንድ ሶው (ሁለት ዊል ላይ እንደ ቀበቶ በሚዞር ምላጭ እንጨት ሚቆርጥ ማሽን) ልትገዙ ያሰባችሁና በጀታችሁ ጠበብ ያለባችሁ ሰዎች፣ ይሄ ለናንተ ነው። ዋናውን ነገር ከመጀመሪያው ልበለው፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር አያታላችሁ። 9 ኢንች፣ 10 ኢንች፣ 14 ኢንች ሚሉት የዊሉን ስፋት ነው፣ እሱ ሚነግራችሁ ደግሞ ከምላጩ እስከ ማሽኑ ምሰሶ ድረስ ምን ያህል ቦታ እንዳለ ብቻ ነው። ቁምሳጥን ለሚሰራ ሰው ጥሩ መረጃ ነው፣ ለጊታር ሰሪ ግን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለ ቁጥር ነው። አንደኛው ከጠረጴዛው እስከ ላይኛው ጋይድ (ምላጩን ከላይ ደግፎ ሚይዘው) ያለው ከፍታ ነው፣ ማለትም ማሽኑ ስንት ሳንቲ ሜትር ጣውላ በጎኑ አቁሞ መሰንጠቅ ይችላል የሚለው። እሱን ቁጥር መግለጫው ውስጥ ፈልጋችሁ ሳታገኙ ገንዘብ አታውጡ።

ከፍታው ስንት ይሁን ለሚለው መልሱ ያለው ምትሰሩት ጊታር ላይ ነው፣ ኤሌክትሪክ ነው ወይስ አኮስቲክ?

ኤሌክትሪክ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ቦዲው (የጊታሩ ገላ) ውፍረቱ 45 ሚሊ አካባቢ ነው፣ ወፍራም ሚባለው 50 ቢደርስ ነው። ኔኩን (አንገቱን) በጎኑ አቁማችሁ የጀርባውን ቅርጽ ስትቆርጡ ጣውላው 75 ሚሊ ገደማ ነው ሚቆመው፣ ሄድስቶኩ (የክሮቹ መወጠሪያ ያለበት የኔኩ ጫፍ) ከዛ ከሰፋ ግራና ቀኝ ቁራጭ እንጨት በኮላ ትጨምሩለታላችሁ። ፍሬትቦርዱ (ጣት ሚያርፍበት የኔኩ ፊት) 6 ሚሊ ገደማ ውፍረት ያለው ስንጣቂ ነው፣ ስፋቱ ከ6 ወይ 7 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። እንግዲህ ደምሩት፣ ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍታ ሚፈልግ አንድም ስራ የለም፣ ስለዚህ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ምትቀመጠው ማሽን እንኳን በመርህ ደረጃ ትበቃችኋለች።

እዚህ ጋ ሁሌ ሚነሳ ጥያቄ አለ፣ ቦዲው 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ እየሰፋ 10 ኢንች ማሽን ላይ ከምላጩ እስከ ምሰሶው ያለው ቦታ 25 ሳንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ እንዴት ይሆናል? ይሆናል። ምክንያቱም ምትቆርጡት ዳር ዳሩን ነው፣ ዋናው ቦዲ ምሰሶ በሌለበት በክፍቱ በኩል ይሆናል፣ በምሰሶው በኩል ሚያልፈው ተቆርጦ ሚወድቀው ትርፍ ብቻ ነው። ቀንዶቹ (ከኔኩ ግራና ቀኝ ሚወጡት የቦዲው ጫፎች) መሀል ስትገቡ መጀመሪያ ከዳር እስከ መስመሩ አጫጭር ቀጥ ያሉ ቁርጦች አስገቡ፣ ከዛ መስመሩን ተከትላችሁ ስትዞሩ ትርፉ እየተቆረሰ ይወድቃል፣ ምላጩም ሳይጠመዘዝ ይዞራል። መስመሩ ላይ ራሱ ግን አትቁረጡ፣ 2 ሚሊ ውጪ ቁረጡና ቀሪውን በቴምፕሌት (በቅርጽ ናሙና) እና በሩተር (ዳሩን እየላገ በሚከተል ማሽን) ጨርሱት። ባንድ ሶው የመጨረሻ ቅርጽ ማውጫ ማሽን አይደለም፣ ርካሹ ደግሞ ጭራሽ አይደለም።

አኮስቲክ ላይ ስንመጣ ግን ሂሳቡ ይቀየራል።

የድሬድኖት (የትልቁ የአኮስቲክ ቅርጽ) ጀርባ ሰፊው ቦታው ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአንድ ጣውላ ተሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ተገልጠው ጎን ለጎን ከሚጣበቁ ሁለት ስንጣቂዎች ነው ሚሰራው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ስንጣቂ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር መስፋት አለበት። ፊቱም እንደዛው። ያ ማለት 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ በጎኑ አቁማችሁ ከላይ እስከ ታች መሰንጠቅ አለባችሁ ማለት ነው። ጎኑ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይቀላል፣ ችግሩ ጀርባና ፊት ነው። 6 ኢንች ከፍታ ያለው ማሽን 15 ሳንቲ ሜትር ነው ሚችለው፣ ጎን ይሰነጥቅላችኋል፣ ሁለት ቁራጭ ጀርባ ግን አይሰነጥቅም።

መውጫ መንገድ የለም ማለት አይደለም። በፈረንጆቹ 1965 የጊታር ፋብሪካው ማርቲን ዲ-35 ሚባለውን ጊታር ሲያወጣ ጀርባውን ከሶስት ቁራጭ ነበር የሰራው፣ ምክንያቱ ሰፊ የብራዚል ሮዝውድ ጣውላ እየጠፋ መምጣቱ ነው። እናንተም በ15 ሳንቲ ሜትር ማሽን ሶስት ቁራጭ ጀርባ መስራት ትችላላችሁ፣ እያንዳንዱ 14 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ ይበቃል፣ በመሀሉ ቀጭን የጌጥ እንጨት ብታስገቡበት ደግሞ በጣም ነው ሚያምረው። ፊቱን ግን ተሰንጥቆ ሚሸጠውን ስፕሩስ ብትገዙ ይሻላል፣ ስፕሩስ ላይ የእንጨቱ ክር ቀጥ ብሎ መውረዱ ድምጹን ስለሚወስነው ምርጫው ራሱ ሌላ ሙያ ነው። በአመት አንድ ወይ ሁለት አኮስቲክ ብቻ ምትሰሩ ከሆነ እንደውም ጀርባና ጎኑንም ተሰንጥቆ ግዙና ትንሽ ማሽን ላይ ተወሰኑ፣ ይሄንን ስል ከልቤ ነው፣ ትልቅ ማሽን ገዝቶ በወር አንዴ ከመነካካት ጥሩ እንጨት መግዛት ይሻላል።

ብዙ ምትሰሩ ከሆነ ግን መሰንጠቂያ ማሽኑ ወጪውን በእንጨት ይመልሳል። ይሄን በቁጥር እንየው። 25 ሚሊ ውፍረት ያለው ጣውላ አላችሁ እንበል፣ እያንዳንዱን ስንጣቂ 4 ሚሊ አድርጋችሁ ነው ምታወጡት፣ በኋላ ተልጎ ተፍቆ 2.5 አካባቢ እንዲደርስ። የባንድ ሶው ምላጭ ሰጋቱራ አድርጎ ሚበላው ከ1 ሚሊ ትንሽ ይበልጣል፣ የቴብል ሶው (ክብ ምላጩ ከጠረጴዛ ስር ሚወጣ ማሽን) ምላጭ ደግሞ ከ3 ሚሊ ትንሽ ይበልጣል። በባንድ ሶው አራት ስንጣቂ ወጥቶ ገና ትርፍ ይቀራችኋል፣ ያ ሁለት ሙሉ ጀርባ ነው። በቴብል ሶው ሶስት ነው ሚወጣው፣ አንድ ጀርባና ጥንድ የሌለው አንድ ቁራጭ ማለት ነው። እሱም ቢሆን ከደረሰ ነው፣ ባለ 10 ኢንች ቴብል ሶው ከሁለቱም ጎን ገልብጣችሁ ብትቆርጡበት እንኳን 20 ሳንቲ ሜትር መሀሉ ላይ አይገናኝም። የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ በሳይተስ (ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ ሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ) ስምምነት አንደኛው ዝርዝር ውስጥ ነው፣ ሌሎቹ የሮዝውድ ዘመዶች በሙሉ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፣ እንደዚህ አይነት እንጨት ሰጋቱራ ሆኖ መሬት ላይ ሲወድቅ ያማል።

እሺ ማሽኖቹ ጋ እንምጣ።

ከትንንሾቹ ውስጥ ዌን 3959 ባለ 9 ኢንች ነው፣ ከፍታው 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ሞተሩ 2.8 አምፒር። ኤሌክትሪክ ጊታር ብቻ ለሚሰራና ገንዘብ በጣም ላጠረው ሰው ስራውን ይሰራል፣ ግን ቀስ ማለት ግድ ነው፣ ጠንካራ ሜፕል ላይ ከገፋችሁት ሞተሩ ይጨነቃል። ሪኮን 10-305 ባለ 10 ኢንች፣ አንድ ሶስተኛ የፈረስ ጉልበት፣ ከፍታው 11.7 ሳንቲ ሜትር ነው። ሞተሩ ትንሽ ቢሆንም ምወድለት ነገር አካሉ ከተበየደ ብረት መሰራቱ ነው፣ ጠረጴዛውም ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነው፣ ስለዚህ ምላጩን ስትወጥሩት አይተጣጠፍም፣ ስትቆርጡም ብዙ አይንቀጠቀጥም። ዌን 3962 ደግሞ እሱም ባለ 10 ኢንች ሆኖ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው፣ 3.5 አምፒር፣ ሁለት ፍጥነት። በወረቀት ላይ አሸናፊው እሱ ነው፣ ጎን መሰንጠቅ ይችላል፣ ሶስት ቁራጭ ጀርባም ይቻላል። ግን ከፍታ አለ ማለት ያንን ከፍታ ሚሞላ ጉልበት አለ ማለት አይደለም። 15 ሳንቲ ሜትር ማሆጋኒ በዚህ ሞተር ይሰነጠቃል፣ ምላጩ አዲስ ከሆነና ከታገሳችሁ። 15 ሳንቲ ሜትር ኢቦኒ ከሆነ ግን እኔ አልሞክረውም።

ከነዚህ ሶስቱ ምረጥ ብትሉኝ፣ ኤሌክትሪክ ብቻ ለሚሰራ 10-305ን፣ ኤሌክትሪክም እየሰራ አኮስቲክን መቅመስ ለሚፈልግ 3962ን እላለሁ። 9 ኢንቹን ሌላ አማራጭ ካለ እለፉት፣ ምክንያቱም ትንሽ ዊል ላይ ምላጭ በጣም ስለሚታጠፍ ቶሎ ይደክማል ይበጠሳል፣ በዋጋ ያተረፋችሁት በምላጭ ይወጣል።

ባለ 14 ኢንቾቹ ሁለት አይነት ናቸው፣ ልዩነታቸው ደግሞ ትልቅ ነው። አንደኛው ዴልታ ሚባለው የማሽን ፋብሪካ የድሮ ዲዛይን ነው፣ አካሉ ጊዛ፣ ከፍታው 15 ሳንቲ ሜትር። ብዙ ፋብሪካዎች አንድ አይነት በሚባል መልኩ ሲሰሩት ኖረዋል፣ ግሪዝሊ ጂ0555 ለምሳሌ ከነሱ አንዱ ነው፣ 1 የፈረስ ጉልበት። የዚህ ዲዛይን ጥሩ ጎኑ መለዋወጫው ነው፣ የዊሉ ጎማ፣ ጋይዱ፣ የመወጠሪያው ስፕሪንግ፣ ሁሉም ነገር ይገኛል፣ ከአንዱ ብራንድ የወጣው ሌላው ላይ ሚገባበት ጊዜም ብዙ ነው። አካሉ ደግሞ ሁለት ቦታ ተከፍሎ በትልቅ ቡሎን ስለሚያያዝ መሀሉ ላይ ተጨማሪ ብረት ታስገቡና ከፍታውን ከ15 ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ታሳድጉታላችሁ። ምላጩም ከ93 ተኩል ኢንች ወደ 105 ኢንች ይረዝማል፣ ስለዚህ የድሮ ምላጮቻችሁ አይገቡም፣ ይሄን አስቀድማችሁ አስቡበት። ማሽኑ ከፍ ባለ ቁጥር ጥንካሬው ይቀንሳል፣ ሞተሩም ያው 1 የፈረስ ጉልበት ነው፣ 30 ሳንቲ ሜትር ይቆርጣል ሚለውን እርሱት። ለጊታር ግን ምንፈልገው 20 እና 22 ነው፣ እሱን በትዕግስት ይሰራዋል።

ሁለተኛው አይነት አካሉ ከላሜራ ተበይዶ የተሰራ ነው። ሪኮን 10-324ን ውሰዱ፣ 14 ኢንች፣ 1.5 የፈረስ ጉልበት፣ ከፍታው ያለምንም ተጨማሪ ብረት 33 ሳንቲ ሜትር። አካሉ አንድ ወጥ ስለሆነ ሰፊ ምላጭ ስትወጥሩበት አይዘምም። አኮስቲክ በቁም ነገር ለሚሰራ ሰው አዲስ ከሚገዙት ውስጥ ርካሽ ብዬ በሙሉ ልቤ ምመክረው የዚህን አይነቱን ነው። ከትንንሾቹ ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው፣ አዎ፣ ግን ትንሽ ገዝቶ ሸጦ እንደገና ትልቅ ከመግዛት፣ አኮስቲክ እንደምትሰሩ ካወቃችሁ ጊዜ ወስዳችሁ አጠራቅሙና በቀጥታ እዚህ ግቡ። ማጠራቀም ካልተቻለ ያገለገለ የዴልታ አይነት ከነማሳደጊያው ፈልጉ።

አሁን ምላጭ። ይሄን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት፣ ሰዎች ማሽኑን ሲሳደቡ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ምላጩ ነው። ከማሽኑ ጋር በካርቶን ሚመጣው ምላጭ ለሙከራ ነው፣ አውጥታችሁ የማገዶ እንጨት ምናምን ቁረጡበት። ከበጀታችሁ ላይ ከመጀመሪያው የሁለት ጥሩ ምላጭ ገንዘብ ቀንሳችሁ አስቀምጡ፣ ይሄን ገንዘብ ለማግኘት ከማሽኑ አንድ ደረጃ መውረድ ካለባችሁም ውረዱ።

አንደኛው ሩብ ኢንች፣ በኢንች 6 ጥርስ ያለው ነው፣ ለቦዲ ዙሪያና ለኔክ። ይሄ ምላጭ 16 ሚሊ ገደማ ሬዲየስ ድረስ ይዞራል፣ ለአብዛኛው የጊታር ቅርጽ ይበቃል። ቀንዱ በጣም ጠበብ ያለ ዲዛይን ካላችሁ ሶስት አስራ ስድስተኛ ኢንቹ 8 ሚሊ ድረስ ይወርዳል፣ ግን ቀጭን ስለሆነ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይዋዥቃል። ሁለተኛው ግማሽ ኢንች ሆኖ በኢንች 3 ጥርስ ያለው ነው፣ ለመሰንጠቅ። ለምን 3 ብቻ? ምክንያቱም 20 ሳንቲ ሜትር እንጨት ውስጥ እያንዳንዱ ጥርስ ሰጋቱራውን ከላይ እስከ ታች ተሸክሞ መውጣት አለበት፣ በጥርሶቹ መሀል ያለው ቦታ ትንሽ ከሆነ ይሞላል፣ ከሞላ በኋላ ምላጩ መቁረጥ አቁሞ መንሸራተት ይጀምራል፣ ይሞቃል፣ እንጨቱ ውስጥ ሆዱን ይነፋል፣ ስንጣቂያችሁም ጫፎቹ ጋ 4 ሚሊ መሀሉ ላይ 2 ሚሊ ሆኖ ይወጣል። ከላይ ሲያዩት መስመሩን ጠብቆ ሄዷል፣ ውስጡ ግን ተበላሽቷል፣ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ አታውቁትም።

መግለጫው ላይ እስከ ሶስት ሩብ ኢንች ምላጭ ይቀበላል ሚል ብታዩ ዊሉ ላይ ይገባል ማለት ነው እንጂ በደንብ ይወጠራል ማለት አይደለም። የዴልታ አይነቱ ላይ ከግማሽ ኢንች አትለፉ፣ በደንብ የተወጠረ ግማሽ ኢንች ልል ከሆነ ሶስት ሩብ ኢንች በብዙ ይበልጣል። ካርባይድ (ከብረት በጣም ሚጠነክር ቅይጥ) ጥርስ ያለው ምላጭ ሮዝውድና ኢቦኒ ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው፣ ስንጣቂው ተልጎ የወጣ ነው ሚመስለው፣ ግን ከፍተኛ ውጥረት ስለሚፈልግ ትንንሾቹ ማሽኖች ላይ ገንዘብ ማባከን ነው።

ማስተካከሉ ላይ ብዙ አልቆይም ግን ሁለት ነገር ልበል። ጋይዶቹን ከምላጩ በወረቀት ውፍረት አርቋቸው፣ ጥርሱን እንዳይነኩ ደግሞ ከጥርሶቹ ስር ትንሽ ወደ ኋላ ይሁኑ፣ ከኋላ ያለው ኩሽኔታ ሳትቆርጡ አይዙር፣ ስትቆርጡ ብቻ ይዙር። ጠረጴዛው ከምላጩ ጋር 90 መሆኑን ለማየት ስኳድራ ጥሩ ነው፣ ከዛ ሚበልጥ ግን አለ፣ አንድ ወፍራም ቁራጭ ላይ ትንሽ ገባ ያለ ቁርጥ አስገቡ፣ ማሽኑን አጥፉና ቁራጩን አዙራችሁ ከምላጩ ጀርባ አምጡት፣ ቁርጡ ሳይገፋ ምላጩ ጀርባ ላይ ከገባ ጠረጴዛው ልክ ነው። ለመሰንጠቅ ደግሞ አብሮ ሚመጣው አጭር ፌንስ (እንጨቱ ተደግፎ ሚገፋበት) አይበቃም፣ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ቁረጡና ከፍ ያለ ፌንስ ስሩበት። እንጨቱ ከፌንሱ እየራቀ ወይ እየተጣበቀ ከሄደ ምላጩ ወደ አንድ ጎን ይስባል ማለት ነው፣ ፌንሱን በዛው አቅጣጫ ትንሽ አዙሩት፣ ምላጩ ላይ አትታገሉ። ስራ ስትጨርሱ ውጥረቱን አላሉት፣ ምላጩም ጎማውም ይቆይላችኋል።

ለመብራትና ለሌዘር ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ፣ አቧራ መሳቢያ ቀዳዳ ግን የግድ ይኑረው፣ የሮዝውድ ብናኝ ቆዳና ሳንባ ላይ አለርጂ ያመጣል፣ አንዴ ከጀመረ ደግሞ አይለቅም። መሳቢያ ቢኖራችሁም ማስክ አድርጉ።

ያገለገለ ለምታዩ ሰዎች፣ ሽፋኑን አስከፍቱና ሁለቱንም ዊሎች በእጃችሁ አዙሩ፣ ድምጽ ካለ ወይ ግራና ቀኝ ሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታው ሄዷል፣ እሱ ብዙ አያስፈራም፣ ርካሽ ነው። ጎማው ከተሰነጣጠቀም ይቀየራል፣ ዋጋ ማስቀነሻ ነው። ስፕሪንጉ ተጨፍልቆ ከቀረ እሱም ይገኛል። ሚያስፈራው አካሉ ላይ ያለ ስንጥቅና እንደገና የተበየደ ቦታ ነው፣ ጊዛ ተበይዶ ካያችሁ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት። ላይኛውን ጋይድ ደግሞ ከታች እስከ ላይ አንሱት አውርዱት፣ ስታነሱት ወደ ጎን ሚሄድ ከሆነ ከፍታ በቀየራችሁ ቁጥር ጋይዱን እንደገና ማስተካከል ነው ስራችሁ። እና የራሳችሁን አዲስ ግማሽ ኢንች ምላጭ ይዛችሁ ሂዱ፣ ርዝመቱን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ሚሆን ጠንካራ እንጨትም ያዙ። ሻጩ ያንን ምላጭ አስገብታችሁ እንድትሰነጥቁ ከፈቀደና ስንጣቂው ከላይም ከታችም ከመሀልም አንድ አይነት ውፍረት ካለው፣ ቀለሙ ቢላላጥም ዝገት ቢኖርበትም ክፈሉና ጭናችሁት ሂዱ።